ክሩ እንጨት እንዳይነካ፦ የጊታር ራስ ላይ ያለው ተዳፋት ለምን ይቆረጣል፣ እንዴትስ ይለካል?

አዲስ በእጅ የተሠራ ጊታር ይዛችሁ ወፍራሙን ክር ስትቃኙ ጆሯችሁን ጣል አድርጉበት። ቁልፉን ቀስ አድርጋችሁ ታዞራላችሁ፤ ድምፁ ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ትጨምራላችሁ፤ አሁንም ያው ነው። ከዚያ ድንገት «ጢቅ» ይልና ድምፁ ከምትፈልጉት አልፎ ይሄዳል። ላላ ስታደርጉት ደግሞ ዘግይቶ ይወርድና ከሚፈለገው በታች ይቀመጣል። ይሄን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ቁልፉን ይረግማል። ራሱ ላይ መስኮት በተከፈተለት ጊታር ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ቁልፉ አይደለም። ክሩ መንገድ ላይ እንጨት እየነካ ሊሆን ይችላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ክራር የሚሠሩ ልጆች አሁን አሁን ጊታርም መሞከር ጀምረዋል። በጣም ደስ ይለኛል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ይዘን የምንዞር ሰዎች ነን፤ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ያላቸው ናቸው። የምንጫወትበትን መሣሪያ እዚሁ በእጃችን ብንሠራው ያምርብናል። ግን ክራር ሠሪ ወደ ጊታር ሲመጣ ከዚህ በፊት ገጥሞት የማያውቅ ነገር ይጠብቀዋል። የክራር ክር ከታች ካለው ድጋፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ላይ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማል። በመሃል የሚያርፍበት ነገር የለም። ጊታር ላይ ግን ክሩ አንገቱን ጨርሶ አጥንቷ ላይ ያርፋል፣ እዚያ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ወርዶ ይጠመጠማል። ችግሩ ያለው እዚያች ከአጥንቷ እስከ መጠምጠሚያው ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው።

ስሞቹን እንስማማባቸው። አጥንት የምለው አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ስድስት ቦይ ተሞርዶባት ክሮቹን ለያይታ የምትይዘውን ቀጭን ቁራጭ ነው። ራስ የምለው ከአጥንቷ በላይ ያለውን፣ ቁልፎቹ የሚገጠሙበትን ጣውላ ነው። አንዳንድ ጊታር ራሱ ድፍን ነው፤ ቁልፎቹ ቀጥ ብለው ፊቱ ላይ ይቆማሉ። ሌላው ግን ሁለት ረጃጅም መስኮቶች ይከፈቱለታል፤ በየመስኮቱ ሦስት ሦስት ሮለር፣ ማለትም ቁልፉ የሚያዞረው ክብ ዘንግ፣ በጎን ይተላለፋል፤ ክሩም መስኮቱ ውስጥ ገብቶ ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። የናይለን ክር ያላቸው ክላሲካል ጊታሮች ራስ በአብዛኛው እንዲህ ነው። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርፅ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1892 የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬም የተለመደው 650 ሚሊሜትር የክር ርዝመት ከእሱ ሥራ ጋር ይያያዛል። የብረት ክር ጊታሮችም ድሮ ብዙዎቹ ባለ መስኮት ራስ ነበራቸው፤ ድፍኑ ራስ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። መስኮቱ ሲቆረጥ በአጥንቷ በኩል ያለው ጫፉ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ስለታም ጠርዝ አለው። ክሩ ከአጥንቷ ወደ መስኮቱ ሲወርድ ያንን ጠርዝ ይገጨዋል። ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ገመዱ የጉድጓዱን አፍ እየፈተገ እንደሚወጣው ማለት ነው። ስለዚህ ሠሪው ጠርዙን ያነሳዋል፤ ከአጥንቷ ትንሽ ራቅ ብሎ ጀምሮ ወደ መስኮቱ የሚያንሸራትት ተዳፋት ይቆርጣል። ከሩቅ ስታዩት ጌጥ ይመስላል። በእርግጥም ያምራል። ሥራው ግን አንድ ነው፦ ክሩ ከአጥንቷ ሲነሳ እስከ ሮለሩ ድረስ ሌላ ምንም ነገር እንዳይነካ ማድረግ።

ቢነካስ ምን ይሆናል? ክሩ የነካው እንጨት ይይዘዋል። ከጠርዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ውጥረት እኩል መሆኑ ይቀራል። ቁልፉን ስታዞሩ በሮለሩ በኩል ያለው ክር ይወጠራል፤ በአጥንቷ በኩል ያለው ግን ገና ነው። ግፊቱ ጠርዙን ሲያሸንፍ ክሩ ዘሎ ይንሸራተታል። ያቺ «ጢቅ» የምትለው ድምፅ እሷ ናት።

መጠኑን በቁጥር ብናየው ይሻላል፤ ሰው «ትንሽ ቢነካ ምናለበት» የሚለው ቁጥሩን ስላላየ ነው። የናይለን ጊታር ወፍራም ክር በሙሉ ቅኝቱ በግምት 7 ኪሎ ይጎትታል። የዚህ 1 ከመቶ 70 ግራም ነው። የክር ድምፅ ከፍታ ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ ውጥረቱ በ1 ከመቶ ሲለወጥ ድምፁ በግማሽ ከመቶ ይለወጣል። ግማሽ ቶንን፣ ማለትም ጎረቤት በሆኑ ሁለት ድምፆች መሃል ያለውን ርቀት፣ 100 ቦታ ብንከፍለው ይሄ ወደ 9 ክፍል ገደማ ይሆናል። ለምዶ የሚሰማ ጆሮ ይሄን ይይዘዋል። እንግዲህ ጠርዙ 70 ግራም ብቻ ቢያስቀር ቅኝቱ ተበላሸ ማለት ነው። 70 ግራም ደግሞ ለእንጨት ጠርዝ ምንም አይደለም።

ሌላም ጣጣ አለው። ወፍራሞቹ ሦስት ክሮች ላያቸው በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ነው። ጠርዙ ሽቦውን ይፍቀዋል፤ ሽቦው ደግሞ እንጨቱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ከጊዜ በኋላ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቦይ ይወጣል፤ ክሩም እዚያ ገብቶ ይነክሳል።

ስፋቱና ጥልቀቱ በዓይን ግምት የሚሠራ አይደለም። ደሴ ውስጥ አንድ ወጣት የጊታር ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ አንድ አዛውንት አናጺ ዘንድ ሄዶ «ጋሼ፣ ተዳፋቱን ልክ እንደዚህ ልቆርጠው ነው» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው አዩት፣ መለሱለትና «እሱ ጊታር ያንተን ቁልፍ ነው የገጠመው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። «አብሽር፣ መጀመሪያ ያንተን ቁልፍ ለካ። ተዳፋቱ ከዚያ ይመጣል» አሉት። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው። የተዳፋቱን ልክ የሚወስነው የሮለሩ ቦታ ነው። ፎቶ የሮለሩን ጥልቀት አያሳይም።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ወረቀት ላይ ራሱን ከጎን አድርጋችሁ ሳሉት። በልኩ፣ ሚሊሜትር በሚሊሜትር። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሮቹ የተለመዱ ዓይነት ናቸው፣ እናንተ ግን የራሳችሁን ለኩ። ራሱ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው። የሮለሩ ቀዳዳ መሃሉ ከፊቱ 10 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይሁን። የክላሲካል ሮለር ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ስለሆነ የሮለሩ ጀርባ፣ ማለትም የላይኛው ጎኑ፣ ከፊቱ 5 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አጥንቷ ደግሞ ክሩን ከራሱ ፊት 3 ሚሊሜትር ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች እንበል። ስለዚህ ክሩ ከአጥንቷ እስከ ሮለሩ በጠቅላላ 8 ሚሊሜትር ይወርዳል።

ይህን 8 ሚሊሜትር ግን ስድስቱም ክሮች በአንድ ርቀት አይወርዱትም። የመጀመሪያው ሮለር ከአጥንቷ 45 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ የክላሲካል ቁልፎች በመሃላቸው 35 ሚሊሜትር ስላላቸው ሁለተኛው 80፣ ሦስተኛው 115 ሚሊሜትር ላይ ይሆናል። ለአጥንቷ ቅርብ የሆነው ሮለር ላይ የሚጠመጠሙት ዳርና ዳር ያሉት ናቸው፤ ወፍራሙ ስድስተኛውና ቀጭኑ አንደኛው። ሩቁ ሮለር የመሃሎቹ፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ነው።

መስኮቱ ከአጥንቷ 25 ሚሊሜትር ላይ ይጀምራል እንበል። ክሩ እዚያ ሲደርስ የት ነው ያለው? ሒሳቡ ቀላል ነው። 25ን ክሩ በሚጓዘው ርቀት ታካፍሉታላችሁ፣ በ8 ታባዙታላችሁ፣ ከ3 ትቀንሱታላችሁ። ስድስተኛው ክር 45 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ መስኮቱ አፍ ላይ ሲደርስ ከፊቱ በታች 1.4 ሚሊሜትር ወርዷል። ማለትም ተዳፋት ከሌለ እንጨት ውስጥ ነው! አምስተኛውስ? ከፊቱ በላይ ግማሽ ሚሊሜትር። ለጥቂት ያልፋል። አራተኛው ግን 1.3 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ጠርዙን ሳያይ ያልፋል።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ተዳፋቱ ለሦስቱም ክር እኩል የሚሠራ ይመስለዋል። በጥልቀቱ የሚጠቀመው በዋናነት አንዱ ክር ነው፤ ለአጥንቷ ቅርብ ወደሆነው ሮለር የሚሄደው። የተዳፋቱን ጥልቀት ስትወስኑ እሱን ክር ብቻ ተከተሉ። እሱ ካለፈ ሌሎቹ ጠርዙን አልፈዋል።

ጥልቀቱ መስኮቱ አፍ ላይ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ክሩ በ2.6 ሚሊሜትር ርቀት ያልፋል። ይበቃል። ከወፍራሙ ክር ውፍረት፣ እሱ 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እጥፍ በላይ ክፍተት ነው። ቫርኒሹንም፣ የሰው እጅ ስህተትንም ይሸከማል። ተዳፋቱ ከአጥንቷ 10 ሚሊሜትር ርቆ ቢጀምር ርዝመቱ 15 ሚሊሜትር ይሆናል። በ15 ሚሊሜትር 4 ሚሊሜትር መውረድ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። የክሩ ቁልቁለት ራሱ 10 ዲግሪ ስለሆነ፣ እንጨቱ ከክሩ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ክሩም እየራቀው ይሄዳል። ሁሌም እንዲህ መሆን አለበት። ተዳፋታችሁ ከክሩ የለዘበ ከሆነ ቢያምርም ከንቱ ነው፤ ወደ መስኮቱ አፍ ሲቃረቡ ተመልሰው ይገናኛሉ።

የብረት ክር ቁልፍ የምትገጥሙ ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል። የእሱ ዘንግ ቀጭን ነው፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ። ጀርባው ከፊቱ 7 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ክሩ በድምሩ 10 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ መስኮቱ አፍ ላይ 2.6 ሚሊሜትር እንጨት ውስጥ ይሆናል። 5 ሚሊሜትር ጥልቀት ያስፈልጋችኋል። የብረት ክር ጊታር ስድስቱ ክሮች በድምሩ ወደ 70 ኪሎ ስለሚጎትቱ፣ የናይለኑ 40 ኪሎ ገደማ ነው፣ እንጨቱንም ሲቆርጡ ቆጥቦ መቁረጥ ነው።

ቆጥቦ ያልኩት በምክንያት ነው። «ይጥለቅ፣ ችግር የለውም» የሚል ሰው አለ። አለው። አንገቱ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የጊታሩ ደካማ ቦታ ነው። ጊታር ወድቆ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ራሱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል፣ ክላሲካሉ ላይ 15 ዲግሪ ገደማ፣ የክሮቹ ጉተታ ሁሌም ራሱን ወደ ፊት ይጠመዝዘዋል። ከአንድ ጣውላ ከተቆረጠ ደግሞ የእንጨቱ ጭረት እዚያ ጋ አጭር ሆኖ ይቋረጣል፤ ለዚህ ነው ጥሩ ሠሪዎች ራሱን ለብቻው ቆርጠው በሰያፍ ኮላ የሚያጣብቁት። ከ20 ሚሊሜትር 4 መውሰድ ይቻላል። 10 መውሰድ ግን ለምንም የማይጠቅም ድካም ነው። የተዳፋቱ መነሻም ለአጥንቷ ከ5 ሚሊሜትር በላይ እንዳይቀርብ አጥብቄ እመክራለሁ። አጥንቷን በራሱ በኩል የሚደግፋት ያቺ ቁራጭ እንጨት ናት። ከሳሳች አጥንቷ ድጋፍ ታጣለች።

እስካሁን ያየነው ከጎን ነው። አሁን ራሱን ከላይ እዩት። ሌላ ችግር ይወጣል፤ እሱ ደግሞ የመሃሎቹ ክሮች ነው። አጥንቷ ላይ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ክር 43 ሚሊሜትር ቢኖር ክሮቹ በ8.6 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ አራተኛውና ሦስተኛው ከመሃል መስመሩ በ4.3 ሚሊሜትር ላይ ይቆማሉ። በሁለቱ መስኮቶች መሃል የሚቀረው እንጨት ግን 16 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረው፣ መስኮቱ የሚጀምረው ከመሃል መስመሩ 8 ሚሊሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ አራተኛው ክር መጀመሪያ የሚጓዘው በመሃለኛው እንጨት ላይ ነው። ወደ ጎን እየሸሸ፣ ቀስ እያለም እየወረደ፣ በኋላ ነው መስኮቱ ውስጥ የሚገባው። ጥያቄው የትኛው ይቀድማል ነው፦ ወደ መስኮቱ መግባቱ ወይስ ከፊቱ በታች መውረዱ? ከፊቱ በታች የሚወርደው ከአጥንቷ 43 ሚሊሜትር ላይ ነው። ከዚያ በፊት መስኮቱ ውስጥ ካልገባ የውስጠኛውን ጠርዝ በጎኑ ይፈትገዋል።

መልሱ ክሩ ሮለሩ ላይ የት እንደሚጠመጠም ይወሰናል። ከመሃል ጠጋ ብሎ ቢጠመጠም፣ ከመሃል መስመሩ 10 ሚሊሜትር ላይ እንበል፣ መስኮቱ ውስጥ የሚገባው 75 ሚሊሜትር ከተጓዘ በኋላ ነው። ዘገየ። ጠርዙን ይነክሳል። ወደ ሮለሩ ውጪያዊ ጫፍ፣ 18 ሚሊሜትር ላይ ቢጠመጠም ግን 31 ሚሊሜትር ላይ ይገባል፤ ገና ከፊቱ በላይ እያለ። ነፃ ወጣ። ዋጋው አጥንቷ ላይ ወደ ጎን የሚታጠፍበት ማዕዘን መጨመሩ ነው። እኔ የምመርጠው መሃሉን ነው። ሮለሩ መሃል አካባቢ፣ 13 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን 49 ሚሊሜትር ላይ ይገባል፤ በዚያ ሰዓት የወረደው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። የውስጠኛውን ጠርዝ በሞረድ 2 ሚሊሜትር ያህል ማድቦልቦል ነገሩን ይጨርሰዋል። ብዙ ሠሪ ፊት ለፊት ያለውን ተዳፋት አሳምሮ ሠርቶ ይሄን የጎን ጠርዝ ይረሳዋል። ከዚያ «ሦስተኛው ክር ለምን አይቃኝም?» ይላል።

ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል ባይዋጥላችሁ የስፌት ክር ያሳያችኋል። አጥንቷን ቦታዋ አስቀምጡ፤ ካልሞረዳችኋት ቁመቷን የሚያክል የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። ቁልፎቹን ግጠሙ። የስፌት ክር ከቦዩ ወደ ሮለሩ ወጥራችሁ እሰሩ። አሁን ዓይናችሁን ከራሱ ፊት ጋር አስተካክላችሁ በጎን ተመልከቱ። ክሩ ጠርዙ ላይ ከታጠፈ ወዲያው ይታያችኋል፤ ቀጥታ መስመር ሲሰበር ዓይን አይስተውም። ስድስቱንም እንዲሁ ሞክሩ። ተዳፋቱን እየቆረጣችሁም ደጋግሙት።

ወደ ሥራው ስንመጣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ለራስ ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ቀላልና ለመሮ የሚታዘዝ እንጨት ነው። ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ቀጭን ልባስ ግን ጠንካራና ጠቆር ያለ ቢሆን ያምራል፣ ወይራ ለምሳሌ፤ 2 ሚሊሜትር ይበቃል። ልባሱ በኮላ ይለጠፋል። ከዚያ የሮለሮቹ ቀዳዳ ከጎን ይበሳል፣ መስኮቱ ሳይከፈት በፊት። መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ብትበሱ ድሪሉ ባዶ ቦታ ላይ ይወጣና የወዲያኛውን ግድግዳ ሲነካ ይንሸራተታል፤ ሮለሩም ይጣመማል። ከዚያ መስኮቱ። ጫፍና ጫፉን በመስኮቱ ስፋት፣ 15 ሚሊሜትር እንበል፣ ድሪል ብሱት፤ መሃሉን በመጋዝ አውጡት፤ በመሮና በሞረድ አጽዱት። ተዳፋቱ የመጨረሻ ነው።

15 ዲግሪን ለመያዝ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ካርቶን ላይ 150 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው መስመር አስምሩ። ጫፉ ላይ በስኳድራ 40 ሚሊሜትር ወደ ላይ ውጡ። ሁለቱን ጫፎች አገናኙና ቁረጡት። ይሄ ሽብልቅ የተዳፋታችሁ ማዕዘን ነው። ከመስኮቱ ጎን ራሱ ላይ ታቆሙትና ሞረዳችሁ ከሱ ጋር ትይዩ መሆኑን እያያችሁ ትሠራላችሁ።

ራሱን በሞርሳ ስታስሩት በሁለቱም በኩል ቁራጭ እንጨት አስገቡበት። አጥንቷን አውጡ፣ የአንገቱን ጫፍ በወፍራም ፕላስተር ሸፍኑ። መነሻውን፣ ማለትም ከአጥንቷ 10 ሚሊሜትር ያለውን መስመር፣ በሹል ቢላ አስምሩት፤ እርሳስ ወፍራም ነው፣ ቢላ ደግሞ የወይራውን ጭረት ቀድሞ ስለሚቆርጠው ጠርዙ አይፈነቀልም። የመጀመሪያውን ብዛት ጫፉ ክብ በሆነ ስል መሮ ከላይ ወደ መስኮቱ አውጡ። ከመስኮቱ ወደ ላይ በጭራሽ! ልባሱን ገንጥላችሁ ታነሱታላችሁ። ቀጥሎ ክብ የእንጨት ሞረድ፤ ሞረዱ በመስኮቱ ውስጥ አልፎ በጀርባ በኩል ስለሚወጣ ሰፊ መንቀሳቀሻ አለው። ማለስለሻውን በ14 ሚሊሜትር ክብ ዱላ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠምጥማችሁ ሥሩት። ወረቀቱ ሲጨመር 15 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የተዳፋቱ ወለልም ከመስኮቱ ክብ ጫፍ ጋር አንድ ይሆናል። ለዱላው ፌሮ እንዳትጠቀሙ። ልኩ ቢመጣም ጥርሱ በወረቀቱ በኩል አልፎ ወለሉን ይቦጫጭረዋል።

አሁን በጣም የምወደው ነገር መጣ። ተዳፋቱ ሲወርድ ጥቁሩን ልባስ ያልፍና የዋንዛው ፈዛዛ ቀለም ይወጣል። ሁለቱ እንጨቶች የሚገናኙበት መስመር ተዳፋቱ ውስጥ ቀስት ሠርቶ ይታያል። ይህ መስመር ይለካል። ልባሱ 2 ሚሊሜትር ከሆነና ቁልቁለቱ በ15 ሚሊሜትር 4 ከሆነ፣ መስመሩ መሃሉ ላይ ከመነሻው 7.5 ሚሊሜትር ላይ መውጣት አለበት፤ ልክ የተዳፋቱ እኩሌታ። የግራው ተዳፋት ማዕዘኑን ሳይለውጥ ከቀኙ ግማሽ ሚሊሜትር ቢጠልቅ በጥልቀቱ ምንም አይታወቅም። መስመሩ ግን ወደ 2 ሚሊሜትር ይንሸራተታል። ያ ደግሞ ጊታሩን ላየ ሰው ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ካሊፐር ይዛችሁ የመስኮቱን ወለል ከመፈለግ ሁለቱን ቀስቶች ጎን ለጎን እያያችሁ ሞርዱ። ቀስቱ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ሞረዱን አዘንብላችሁታል። ሹል ከሆነ ወለሉ መሃሉ ብቻ ጠልቋል። አንዱ ቀድሞ ከወረደ ቁሙ፣ ሌላውን አድርሱት። ሁለቱ ሲስተካከሉ የሚሰማው ደስታ ሌላ ነው።

መስመሩ አካባቢ ልባሱ እንደ ቢላ አፍ ሳስቶ ነው የሚያልቀው። ኮላው ካልያዘ መነሳት የሚጀምረው እዚያ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አየሩ ይፈትነዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ብርድና ጉም አለ፤ ክረምቱም እንጨቱን ያረጥበዋል። በሐረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ወርዶ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። እንጨት እርጥበት ሲለዋወጥ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፣ በስፋቱ ግን ያብጣል፣ ይኮማተራል። ዋንዛና ወይራ ደግሞ እኩል አይንቀሳቀሱም። በክረምት ደሴ ላይ እርጥብ ጣውላ አጣብቆ በጋ ኮምቦልቻ የሚወስድ ሰው የልባሱን ጠርዝ ተነስቶ ቢያገኘው ሊገርመው አይገባም። ጣውላውንና ልባሱን አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳና ከመሬት አርቃችሁ፣ ለሳምንታት አብራችሁ አቆዩአቸው። ከዚያ አጣብቁ።

አጥንቷንም አንርሳት፤ የተዳፋቱ እህት ናት። ክሩ የመጨረሻ መንካት ያለበት አንገቱን በሚያየው የአጥንቷ ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የቦዩ ወለል ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ መውረድ አለበት። የራሱን 15 ዲግሪ ከክሩ 10 ዲግሪ ጋር ስትደምሩ ስድስተኛው ክር አጥንቷ ላይ 25 ዲግሪ ይታጠፋል። አራተኛው ከሩቅ ሮለር ስለሚመጣ 19 ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ ስድስቱም ቦዮች አንድ ዓይነት አይሞረዱም፤ የዳሮቹ ከመሃሎቹ ይበልጥ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃሉ። ቦዩ ሜዳ ከሆነ ክሩ በኋለኛው ጠርዝ ላይ ያርፍና ያቺ «ጢቅ» ከአጥንቷ ትመጣለች። ተዳፋቱን አሥር ጊዜ ብትሞርዱት አይሄድላችሁም።

ቫርኒሽ ስትቀቡ ተዳፋቱ ውስጥ እንዳይጠራቀም። ክብ ወለል ስለሆነ ፈሳሹ ወርዶ መስኮቱ አፍ ላይ እንባ ይሠራል። ሲደርቅ ጉብታ ነው፤ ክሩን ሊነካ ይችላል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ራሱን አንገቱ ወደ ላይ እንዳይሆን አጋድማችሁ አድርቁ፣ እንባ ከያዘ ሳይደርቅ በጨርቅ ጫፍ አንሱት።

ክሮቹን ከወጠራችሁና ቅኝቱን ካስገባችሁ በኋላ የመጨረሻ ፍተሻ አለ። ከደብተር ወረቀት አንድ ጣት የሚያክል ቁራጭ ቅደዱ። ከስድስተኛው ክር ስር አስገቡትና ከአጥንቷ እስከ ሮለሩ በተዳፋቱ ላይ ጎትቱት። ሳይያዝ መሄድ አለበት። አንደኛውን ደግሙት። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ወረቀቱን አቁማችሁ በውስጠኛው ጠርዝና በክሩ መሃል አሳልፉት። ከተያዘ የተያዘበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ክሩን አላሉት፣ ወደ ጎን ገለል አድርጋችሁ ምልክቷን ብቻ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አንሱ። ከዚያ ክሩን መልሳችሁ ቃኙና ቁልፉን ሩብ ዙር ወደ ላይ፣ ሩብ ዙር ወደ ታች አድርጉት። ድምፁ ከቁልፉ ጋር እኩል ከወጣና ከወረደ ተዳፋቱ ሥራውን ይዟል።